ልጃችሁ “ፍራት ልግባ?” ሲል

አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ካላችሁ ይህን ጥያቄ ዛሬ ባይሆን ነገ ትሰሙታላችሁ። አዲስ አበባ ሆናችሁ በስልክ፣ ወይም እንደኔ ሜሪላንድ ሆናችሁ እራት ላይ። ወንዱ “ፍራተርኒቲ ልግባ” ይላል፣ ሴቷ “ሶሮሪቲ” ትላለች። ለእናንተ ግን ቶሎ የሚታያችሁ በፊልም ያያችሁት ቀይ የፕላስቲክ ብርጭቆና ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚጮህ ጎረምሳ ነው። “ለዚህ ነው እንዴ የላክንህ?” የሚለው ቃል አፋችሁ ላይ ይመጣል።

ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን ጽሑፍ አንብቡልኝ። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ታላቁ መሐንዲስነት ይማራል። የስኮላርሺፑ ውል ነጥቡ ከ3.0 በታች እንዳይወርድ ያዛል። ከወረደ ገንዘቡ ይቆማል፣ ልዩነቱን የምንሞላው እኔና ባለቤቴ ነን። ስለዚህ ጥያቄው ሲመጣ ቤታችን ውስጥ የወሬ ጉዳይ አልነበረም። ባለቤቴ አንድ ቃል ብቻ ተናግሮ ተነሳ፤ “አይሆንም።” እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ሳላጣራ መከልከልም መፍቀድም አልወድም፤ እናም ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? እናቴ ከአዲስ አበባ ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር። ስም ያለው፣ መዋጮ ያለው፣ አባላቱ ወንድም እህት የሚባባሉበት፣ ለዕድሜ ልክ የሚገባበት ስብስብ ነው ብዬ ሳስረዳት “ታዲያ የጽዋ ማኅበር ነው በዪኛ” አለች። አልተሳሳተችም፤ ጽዋው ነው ሌላ የሆነው። ስማቸው ሁለት ወይም ሦስት የግሪክ ፊደል ነው። አንዳንዶቹ አባላት አብረው የሚኖሩበት ትልቅ ቤት አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም። አዲስ አባል የሚመለመልበት ሰሞን “ራሽ” ይባላል። የተመረጠው ልጅ ሙሉ አባል እስኪሆን ድረስ ለሳምንታት ሥርዓቱን ይማራል፣ ይፈተናል፣ ይላላካል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለው ልጅ “ፕሌጅ” ነው። ይህን የመጨረሻውን ቃል ያዙልኝ።

አጀማመሩን ካያችሁ ከትምህርት ጋር ጠላት አልነበረም። በግሪክ ፊደል የተሰየመው የመጀመሪያው የተማሪዎች ማኅበር፣ ፋይ ቤታ ካፓ፣ በ1776 ቨርጂኒያ በሚገኘው የዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ የተመሠረተ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ተማሪዎቹ የሚሰበሰቡት ለክርክርና ለንግግር ነበር። ዛሬም ስሙ አለ፤ ነገር ግን የከፍተኛ ውጤት ክብር ማኅበር ሆኗል። ልጃችሁ “ፋይ ቤታ ካፓ ጋበዘኝ” ብሎ ከደወለ አትቆጡ፣ እልል በሉ።

ለእኔ የበለጠ ልቤን የነካው ግን የ1906ቱ ታሪክ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ስድስቱ ዓመቱን ጨርሰው በማግስቱ ሳይመለሱ ቀሩ። የቀሩት ተሰብስበው አብረው ማጥናትና መደጋገፍ ጀመሩ፤ ከዚያም ውስጥ ሰባቱ አልፋ ፋይ አልፋን መሠረቱ። ማርቲን ሉተር ኪንግና የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል የዚህ ማኅበር አባላት ነበሩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1908 ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሴቶቹ አልፋ ካፓ አልፋን አቋቋሙ፤ ካማላ ሃሪስ ሃዋርድ ስትማር የገባችው እዚያ ነው። የጥቁሮቹ ማኅበራት ዛሬ ዘጠኝ ናቸው፣ አምስቱ የተወለዱት ሃዋርድ ነው። ሃዋርድ ደግሞ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ዩ ስትሪት በእግር ብዙ አይርቅም። ክትፎ ስንበላ የኖርነው ከዚህ ታሪክ ጎን ነው ማለት ነው።

ታሪክ ግን የካልኩለስ የቤት ሥራ አይሠራም። ዛሬስ ነጥብ ላይ ምን ያደርጋል?

በ2018 ሦስት ኢኮኖሚስቶች በአንድ የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ኮሌጅ ምሩቃን ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። ፍራተርኒቲ መግባት ከ4 በሚታሰበው ነጥብ ላይ ወደ 0.25 ይቀንሳል፤ በኋላ የሚገኘውን ገቢ ግን 36 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል ይላል። የልጄ ጓደኞች ሁለተኛውን ግማሽ በቃላቸው ያውቁታል፣ የመጀመሪያውን አያነሱትም። እኔ ሒሳቡን በወረቀት ሠራሁት። 3.2 ያለው ልጅ ሩብ ነጥብ ቢወርድ 2.95 ነው። ለብዙ ተማሪ ይህ ምንም አይደለም። የኛን ቤት ስኮላርሺፕ ግን ያስቆማል።

ሌላ ጥናት አለ፤ ኦሃዮ በሚገኘው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ (አዎ፣ ማያሚ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ኦሃዮ ውስጥ አለ) ሁለት መምህራን ያደረጉት። እነዚህ ብልህ ነገር አደረጉ። ማኅበር ለመግባት አነስተኛ ነጥብ ስለሚጠየቅ፣ ያንን መስፈርት በጥቂቱ ያለፉትን በጥቂቱ ከጎደላቸው ጋር አነጻጸሩ። ነጥብ መውረዱን እነርሱም አገኙት። የገቢ ብልጫውን ግን አላገኙትም።

ይህን ዘዴ ልብ እንድትሉት የምፈልገው በአንድ ምክንያት ነው። ልጃችሁ “የእኛ ቤት አማካይ ነጥብ ከካምፓሱ አማካይ ይበልጣል” ብሎ ወረቀት ያሳያችሁ ይሆናል። ወረቀቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ሲገባ ደካማ ነጥብ ያለውን የማይቀበል፣ ከገባም በኋላ ነጥቡ የወረደውን የሚያግድ ቤት አማካዩ ከፍ ቢል ምን ይገርማል? ጎበዞችን መርጦ መሰብሰብ ሌላ፣ ልጅን ጎበዝ ማድረግ ሌላ።

ነጥቡ የሚሄደው የት ነው? ለኔ መልሱ ያ ፕሌጅ የሚሉት ጊዜ ነው። 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ ክፍል ውስጥ በሳምንት 15 ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት አጥና ይባላል፤ ድምሩ 45 ነው። ሙሉ ሥራ ማለት ነው። በዚህ ላይ ልጄን የጋበዘው ቤት ለስምንት ሳምንት ሦስት ማታ፣ ቅዳሜን ደግሞ ሙሉውን ይፈልግ ነበር። ስምንት ሳምንት ከአንድ ሴሚስተር ግማሽ በላይ ነው፤ መሐል ፈተናዎቹም የሚወድቁት እዚያው ውስጥ ነው። ሙሉ አባል ከሆነ በኋላ ኑሮው ይረጋጋል፣ ስብሰባው በሳምንት አንድ ይሆናል ይላሉ። ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሴሚስተር የፊዚክስ ውጤት ግን ተመልሶ አይስተካከልም።

ደግሞ ከነጥብ የከፋ አለ። ሄዚንግ ይሉታል፤ አዲስ ገቢውን በማዋረድና በግድ በማጠጣት መፈተን። በየካቲት 2017 በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ የ19 ዓመት ልጅ በአቀባበሉ ምሽት እጅግ ብዙ አልኮል ጠጥቶ ከደረጃ ወደቀ። አብረውት የነበሩት እርዳታ የጠሩት ወደ 12 ሰዓት ገደማ ቆይተው ነው፤ ልጁ አልተረፈም። ወላጆቹ ባደረጉት ትግል ግዛቲቱ በቀጣዩ ዓመት ሕጉን አጠበቀች። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ በፌዴራል ደረጃ ሕግ ወጥቷል፤ ዩኒቨርሲቲዎች በሄዚንግ ጥፋተኛ ያሏቸውን ማኅበራት ስም በይፋ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ልጃችሁ የሚጠራላችሁን ቤት ስም እዚያ ዝርዝር ላይ ፈልጉ። ካገኛችሁት ስለ ነጥብ መወያየት አያስፈልጋችሁም።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ከባለቤቴ ጎን የምቆም ይመስላችኋል። አልቆምኩም። የልጁ ፍላጎት ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ነው። አርባ ሺህ ተማሪ ባለበት ግቢ ውስጥ ምሳውን ብቻውን ይበላ ነበር። የኛ ልጆች ቤት ውስጥ ዘመድ እየገባና እየወጣ ነው ያደጉት፤ የተዘጋ የዶርም በር አያውቁም። በዚያ ላይ እነዚህ ቤቶች የሚሰጡት የማይናቅ ነገር አለ። የትኛው ፕሮፌሰር እንደሚከብድ የሚነግርህ ታላቅ፣ ያለፉ ዓመታት ፈተና የተከማቸበት ፋይል፣ ለኢንተርንሺፕ ስልክ የሚያነሳልህ የቀድሞ አባል። ፈረንጁ ልጅ ይህን ከአጎቱ ሊያገኘው ይችላል። የኔ ልጅ አጎት ታክሲ ነው የሚነዳው፤ ደግ ሰው ነው፣ ኢንጂነሪንግ ድርጅት ውስጥ ግን ማንንም አያውቅም። ዘመድ ምን እንደሚያደርግ ለኛ ሰው አይነገረውም።

ስለዚህ “ፍራት ወይስ ትምህርት?” የሚለው ጥያቄ ለኔ የተሳሳተ ጥያቄ ነው። የሚጠየቀው የትኛው ቤት? በየትኛው ሴሚስተር? ነው። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ የሚችል ልጅ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዴት እንደሚማሩበት ገና ሳያውቅ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚችል ግን ጥቂት ነው። አንዳንድ ግቢዎች ራሳቸው የመጀመሪያውን ሴሚስተር ይከለክላሉ። ዘጠኙ የጥቁሮች ማኅበራትም በጥቅሉ አመልካቹ በዩኒቨርሲቲ ያገኘውን ክሬዲትና ነጥብ ስለሚጠይቁ ትናንት የገባ ልጅ በራቸውን አያንኳኳም። ይህ ደንብ ለእኔ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።

የግሪክ ፊደል የያዘ ሁሉ አንድ እንዳልሆነም ንገሯቸው። በሙያ የሚሰባሰቡ አሉ። ቴታ ታው በ1904 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመ የምሕንድስና ተማሪዎች ማኅበር ነው፤ አልፋ ካይ ሲግማ በ1902 በዊስኮንሲን የተጀመረ የኬሚስትሪ ነው። ወንድም ሴትም ይገባባቸዋል። እነዚህም ፕሌጅ አላቸው፣ እነዚህም ውስጥ ጥፋት የተገኘበት ቅርንጫፍ ሊኖር ይችላል፤ ሰዓቱንና ዝርዝሩን መጠየቁ አይቀርም። ነገር ግን ማታ አንድ ላይ የሚያመሸው ቡድን የሚያወራው ስለ ቴርሞዳይናሚክስ ከሆነ ለውጥ አለው።

መዋጮውንም እንዳትረሱ። በየሴሚስተሩ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ቤቱ ውስጥ ከኖረ ከዚያ በላይ። “ከሥራዬ እከፍላለሁ” ካለ ያ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ቀደም ያልነው 45 ላይ ደምሩት። የኔው ልጅ ይህን ሲደምር ነው ፊቱ የተለወጠው፤ እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ባለቤቴ “አይሆንም” ያለውን ወደ “ዘንድሮ አይሆንም” ለውጦታል፤ ለእርሱ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጁ ዓመቱን 3.3 ይዞ ጨረሰ። በመሐሉ የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ገብቶ ምሳውን አብሮት የሚበላ ሰው አግኝቷል። ስለ ፍራት አሁንም ያነሳል፤ ፊት የጋበዙትን ሳይሆን መሐንዲሶቹን ነው። በሐሳቡ ከጸና እኔ አልከለክለውም። አባቱ ገና እያሰበበት ነው።

ለእናንተ ከጊዜ ሰሌዳው አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት የሚወጣው በፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ነው። የስፕሪንጉ ምልመላ ደግሞ ክፍል ከተከፈተ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በጥር መጨረሻና በየካቲት ይጀመራል። በሁለቱ መሐል ልጁ እረፍት ላይ ነው፤ የኛ ገናም የሚውለው እዚያው መሐል ነው። ቤት ከመጣ ዶሮው ከተበላ በኋላ፣ ካልመጣም በቪዲዮ፣ የውጤት ወረቀቱን እያያችሁ ተነጋገሩ። መስከረም ላይ የምታደርጉት ክርክር በግምት ነው፤ ያኔ ግን ቁጥሩ ፊታችሁ ይኖራል።