አገር ስጠኝ

በእኛ አገር ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቁም ነገረኛና ጨዋታ ወዳድ። ቁም ነገረኛው ታሪክ ያነባል፣ የፖለቲካ መጽሐፍ ያገላብጣል፣ ልብ ወለድ ካነበበም «ፋይዳ ያለውን» መርጦ ነው። ጨዋታ ወዳዱ ደግሞ… እንግዲህ እኔ ነኝ። ከአርባ ዓመት በላይ የወንጀል ምርመራ፣ የስለላ፣ የፍቅር፣ የጭራቅና የመንኮራኩር መጽሐፍ ሳሳድድ ኖሬያለሁ። ዛሬም አንድ መጽሐፍ ገና በመጀመሪያው ገጽ ሬሳ ካሳየኝ እራቴን እረሳለሁ። ይህን ስናገር ታዲያ «አንተ ትልቅ ሰው!» የሚለኝ አይጠፋም። ስለዚህ ዛሬ ጥብቅና ልቆም ነው፤ ለራሴ ሳይሆን ለጨዋታ።

መቼም ነገሩን ከሥሩ ካነሳነው፣ የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ ሲጀመር ጨዋታ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ ስሙን «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት፤ ቃሉም የድርሰት ዓይነቱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የታወቀው ይህ መጽሐፍ ምን አለው? ጦርነት አለው፣ ምርኮ አለው፣ የጠፋ ወንድም ፍለጋ አለው፣ እንደ ወንድ ለብሳ የምትጓዝ ቆንጆ ልጅ አለችው፣ ወንድ መስላት የምትወዳት ሌላ ሴትም አለችው። ዛሬ አንድ ወጣት ይህንኑ ጽፎ ቢያመጣልን «የሲኒማ ወሬ» ብለን በመለስነው ነበር። ያንን ግን በዩኒቨርሲቲ እናስተምረዋለን። ዕድሜ ሲጠግብ ጨዋታም ቁም ነገር ይሆናል ማለት ነው!

ከዚያ ወዲህ ያለውን እኩዮቼ ያውቁታል። ይልማ ሀብተየስ ነበሩ፤ የወንጀል ምርመራን በአማርኛ ያስለመዱን። ማሞ ውድነህ ነበሩ፤ የእስራኤላዊውን ሰላይ የኤሊ ኮኸንን ታሪክ በ«የኛው ሰው በደማስቆ» እያወጉ እንቅልፍ ያሳጡን። ነቢይ መኮንን ደግሞ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆነው የማርጋሬት ሚሼልን የፍቅርና የጦርነት መጽሐፍ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተረጎሙት፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እስቲ አስቡት። ነገ ምን እንደሚመጣበት የማያውቅ ሰው፣ ወረቀት እንኳ ተከልክሎ፣ ያን ሁሉ ድካም የደከመው ለምንድነው? «ከዚያስ?» ለሚያሰኝ ታሪክ ነው። ፋይዳው የቱ ጋ ነው የሚለኝ ካለ ይህንን ይመልስልኝ።

በ2001 ዓ.ም. ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን ይዞ መጣ። የጣና ገዳም፣ ሰላይ፣ የጠፈር ሳይንስ… ሁሉም ባንድ ድስት። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሳይንቲስት ሻጊዝ እጅጉ ብዙዎቻችንን ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን አስታወሰን፤ ከጅማ አለፍ ብሎ ቦንጋ ተወልደው ናሳ የደረሱትን፣ በ1998 ዓ.ም. ያረፉትን። እውነቱን ለመናገር እኔ በመጽሐፉ ላይ ቅሬታ አለኝ። አጋጣሚው ይበዛል፤ ሰዎቹም መሮጥ ሲገባቸው ንግግር ያደርጋሉ። ነገር ግን ጅማ ውስጥ ከትምህርት ቤት ወዲህ መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ሹፌር፣ አይሱዙው ላይ ጀንፈል እስኪጫንለት መሪው ላይ ደግፎ ሲያነበው በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ያደረገ መጽሐፍ እኔ ፊት አይሰደብም።

እኔ የዚህ ሱስ ተጠቂ የሆንኩት እዚያው ጅማ፣ በቾ ቦሬ ነው። ጊዜው የሰዓት እላፊ ጊዜ ነበር፤ ከመሸ ከግቢ መውጣት የለም። በሰፈራችን አንድ መጽሐፍ አከራይ ነበር፤ ለአንድ ሌሊት ስሙኒ። መጽሐፎቹ ከእጅ እጅ ሲዞሩ ኖረው ጀርባቸው የተላጠ፣ ዘይትና ቡና የጠጡ፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መጨረሻቸው የተገነጠለ ነበሩ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሊነገረን ሦስት ገጽ ሲቀረው… ወረቀቱ የለም! ምናልባት የአንዱ ሱቅ ስኳር ተጠቅልሎበታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ራሳችን ጨረስነው። እኔ፣ ታላቅ እህቴና እዚያው ግቢ የሚኖሩ ሁለት ልጆች ኩራዝ ከበን እንቀመጥና አንዱ መርማሪ፣ አንዷ የሟች ሚስት፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ዘበኛ ይሆናል። መርማሪው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው እንደ ራሱ ሳይሆን እንደ ሰውዬው ይመልሳል። አንድ ሌሊት ሦስታችን ተስማምተን ዘበኛውን ገዳይ ልናደርገው ነበር። ዘበኛ የሆነው ልጅ ግን የእውነት አባቱ ዘበኛ ነበር። «ዘበኛ ሌሊት ምን እንደሚያይ መች ታውቃላችሁ?» አለና፣ ማን በስንት ሰዓት እንደገባ፣ የማን ጫማ ጭቃ እንደነበረው፣ ጌትዬው ብርድ ልብስ ከልክለውት እንዴት እንዳደረ አንድ በአንድ ይነግረን ጀመር። ሳናስበው መርማሪው እሱ ሆነ፤ እኛ ተጠያቂዎች። እኔ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በመጨረሻው ገጽ ላይ «ገዳዩ ዘበኛው ነው» የሚል ደራሲ ሳገኝ መጽሐፉን ወርውሬ እነሳለሁ።

ለካ እኛ ኩራዝ ከበን የምናደርገው ነገር ባሕር ማዶ ስም ወጥቶለት፣ ሕግ ተጽፎለት ይሸጥ ኖሯል! ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ ያወጡት በ1966 ዓ.ም. ነው። አዎ፣ በዚያው በእኛ 1966። እዚህ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ እዚያ የመጀመሪያው አንድ ሺህ ቅጂ ይሸጥ ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ መሪ ይሆንና «ጨለማ ዋሻ ደርሳችኋል፤ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል» ብሎ ያወራል። ሌላው እያንዳንዱ አንድ ሰው ይሆናል፤ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዷ ጠንቋይ። «ምን ታደርጋለህ?» ይባላል፤ ያሰበውን ይናገራል። ይሳካ አይሳካ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል፤ እንደ ሉዶው ባለ ስድስት ብቻ ሳይሆን ባለ 20 ገጽም አለ። አሸናፊ የለም፤ ታሪኩ እስከቀጠለ ጨዋታው ይቀጥላል። ታዲያ እነሱም አገር ቁም ነገረኛ ሞልቷል። በ1970ዎቹ በርካታ የአሜሪካ ወላጆችና ሰባኪዎች «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው፤ ልጆቻችንን ሊያሳብድ ነው» ብለው ተነስተውበት ነበር። «ልብ ወለድ ሲያነብ አበደ» እየተባለ ላደግነው ለእኛ ይህ ምን ያስደንቃል!

እኔን ግን ስለ ጨዋታው ስሰማ የታወሰኝ አሜሪካ ሳይሆን እንቆቅልሽ ነው። አንዱ ይጠይቃል፤ መላሹ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ ዝም አይልም፤ ይገባበታል እንጂ! ማን እንደተቀበለው፣ በምን እንደተቀመጠ፣ ምን እንደበላ፣ ተሸናፊውም ደጅ ቆሞ አጥንት እንዴት እንደጠበቀ ከራሱ እየፈጠረ ይተርካል። እኛ ሰፈር በኦሮምኛ «ሂቦ» ብለን ጀምረን በአማርኛ አገር እንረካከብ ነበር። የድሮው ሰንጠረዣችንም ቢሆን «ወረራ» የሚባል ነገር ነበረው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ እንደልቡ ያሰልፋል። ለጨዋታ እንግዳ ሕዝብ አይደለንም። ያፈርንበት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ለሚለኝ አንድ ነገር ላውጋው። በ2015 ዓ.ም. ለገና የእህቴ ልጅ ከሚኒሶታ መጣ። እናቱ ያቺው ኩራዝ ከበን ስንጫወት የሟች ሚስት ትሆን የነበረችው እህቴ ናት፤ እሷ ከሄደች ብዙ ዘመኗ ነው። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ለመናገር ግን ያፍራል። ከእናቴ ጋር ለሁለት ሳምንት «ደህና አደርክ?»፣ «ደህና»፣ «ብላ እንጂ»፣ «በቃኝ» ብቻ ሆነ። እናቴ እኔን ለብቻዬ ጠርታ «ይሄ ልጅ ያኮረፈው ማንን ነው?» አለችኝ።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ልጁ ከሻንጣው ዳይሶቹን አወጣና ከወንድሜ ልጆች ጋር ሻማ ከበው ጨዋታውን ጀመሩ። መሪው እሱ ነው፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ዋሻ ውስጥ ዘንዶ አለ፤ መንደሩን ውኃ ከልክሏል። አንዱ ሰይፍ መዘዘ፤ አንዷ ቀስት ገተረች። እናቴ ረከቦቷ ጋ ተቀምጣ ቡና እየቆላች ስታዳምጥ ቆየችና፣ «ቆይ፣ ቆይ» አለች። «ዘንዶው የማን ልጅ ነው?»

«እንዴት እማማ?»

«ውኃ የሚከለክል ቂም አለው። ሰይፍ ከመምዘዛችሁ በፊት ሽማግሌ ልካችኋል?»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ሦስት ዓመት ይህን ጨዋታ ሲመራ ዘንዶውን እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው እንደሌለ ነገረን። ከዚያ «እሺ፣ አንቺ ሽማግሌ ሁኚ» አላት። ሆነች። ነጠላዋን አስተካክላ ዋሻው ደጃፍ ቆመችና ዘንዶውን በወግ ሰላም አለችው። ሕጉ ሕግ ነውና መሪው እንደ ዘንዶ ሆኖ መመለስ አለበት፤ ያውም በአማርኛ፤ ሽማግሌዋ ሌላ ቋንቋ አታውቅማ! ልጁ እየተንተባተበ ጀመረ። ዘንዶ አማርኛ ቢያጣምም ማን ይፈርድበታል? ማንም አላረመውም።

«ማን አስቀየመህ ልጄ?» አለችው።

«ማንም። ብቻዬን ነኝ።»

«እናትህስ?»

«እናቴ ሌሊት ትሠራለች። ቀን ትተኛለች። ዋሻው ጸጥ ይላል።»

ልጆቹ ዘንዶ ምን ሥራ አለው ብለው ሊስቁ ነበር። እናቴ በእጇ ዝም አሰኘቻቸው። እህቴ በየሳምንቱ ስትደውል «ሁሉ ሰላም ነው፣ ሥራዬም ጥሩ ነው» ከማለት ሌላ ነግራን አታውቅም። እናቴ ብዙ ጠየቀችው፤ ዘንዶው ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚያበስልለት፣ ሲያመው ማን እንደሚያስታምመው። እሱም መለሰላት። በሁለት ሳምንት ያልተናገረውን በአንድ ሰዓት ተናገረ። ዳይሱ ምንጣፉ ላይ ወድቆ ቀረ። አቦል ሲወርድ እናቴ የመጀመሪያውን ሲኒ ለእኔ ሳይሆን ለዘንዶው ሰጠችው። መንደሩም ውኃውን አገኘ።

እንግዲህ እንደ አንድ የቆየ ወዳጅ የእኔ አስተያየት ይኼ ነው። ጥሩ የጨዋታ መሪ ዋሻውን ያዘጋጃል፤ መጨረሻውን ግን አያዘጋጅም። ያ ልጅ «ዘንዶ አይጠየቅም፤ ሰይፍ ምዘዙ» ቢል ኖሮ ሥልጣኑ ነበር። አላለም። እኛ ዘንድ ግን ሰው አነጋግራለሁ ብሎ ሲቀመጥ ታሪኩን ጨርሶ ነው የሚመጣው። የቢሮ ስብሰባውን እዩት፤ ሽምግልናውን እዩት፤ ልጁን «ና ቁጭ በል፣ እንነጋገር» የሚለውን አባት እዩት። ሁሉም ዘበኛው ገዳይ መሆኑን አስቀድሞ ወስኗል። ጥያቄው ለይስሙላ ነው።

የመጽሐፉም ነገር ከዚህ አይርቅም። ደካማው የወንጀል መጽሐፍ ሬሳ ስላለበት አይደለም ደካማ የሚሆነው፤ ሰዎቹ ገና ሲገቡ ፍርድ ስለተሰጠባቸው ነው። ዘመናዊቷ ሴት ክፉ፣ የገጠሩ ሰው የዋህ፣ ሀብታሙ ሌባ። ጥሩው ግን የሟቹን ብቻ ሳይሆን የተጠርጣሪውንም ሌሊት ያስቆጥረናል። አንባቢን ማታለል ይፈቀዳል፤ መዋሸት ግን አይፈቀድም። ፍንጩ እፊታችን፣ ሃያኛው ገጽ ላይ መቀመጥ አለበት፤ መጨረሻ ላይ «ወይኔ፣ አይቼው ነበር!» ልንል ይገባናል እንጂ ገዳይ ከሰማይ ሊወርድብን አይገባም። ይህ ሕግ ከብዙ ቁም ነገር መጽሐፍ ይልቅ አንባቢን ያከብራል።

አንድ ምኞት አለኝ። የፈረንጁ ዋሻና ቤተ መንግሥት መልካም ነው፤ ግን አንድ ጎበዝ ተነስቶ የእኛውን ቢሠራልን? ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ በገዙት በአባ ጅፋር ዘመን፣ በሒርማታ ገበያ የሚጀምር ጨዋታ። አንዱ ሲራራ ነጋዴ ይሁን፣ አንዷ ባለ መድኃኒት፣ አንዱ አዝማሪ፣ አንዱ ከጌታው የጠፋ ባሪያ። ቡናና ማር በበቅሎ ተጭኗል፤ ግቤ ሞልቷል፤ ኬላ ጠባቂው መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ምን ታደርጋላችሁ? ጉቦ ትሰጣላችሁ? በሌሊት ትሻገራላችሁ? ወይስ እንደ እናቴ፣ ኬላ ጠባቂው የማን ልጅ እንደሆነ ትጠይቃላችሁ?

መልሱን እኔ አላውቀውም፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው። ለጊዜው ግን አገር ስጡኝ። ሒርማታን ብትሰጡኝ ይበቃኛል።