ዜሮ ዜሮ መኪና ለገዛችሁ፦ ዘይቱ በስንት ይቀየር?

አዲስ መኪና የገዛ ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ከተባለ በኋላ ወዲያው የሚከተለው የዘይት ምክር ነው። የሰፈሩ መካኒክ «በ3,000 ቀይረው፣ አትሰስት» ይለዋል። የሸጠለት ሰው «ይሄ ዘመናዊ ሞተር ነው፣ 10,000 እስኪሞላ አትንካው» ይለዋል። ሜሪላንድ ያለው የአክስቱ ልጅ ደግሞ በስልክ «እኛ ጋ አሥር ሺህ ማይል ነው የሚነዳው፣ ምን ያስቸኩልሃል?» ይለዋል። ሁሉም የሚመክሩት ከልባቸው ነው። ግን ያቺ መኪና በየትኛው መንገድ፣ በምን ዓይነት ውሎ እንደምትነዳ የጠየቀ የለም።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ የምትነዳ አዲስ የቤንዚን መኪና፣ መጽሐፏ የሚያዘው ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት ከተሞላላት፣ በ5,000 ኪ.ሜ. ወይም በስድስት ወር፣ ቀድሞ በደረሰው ይቀየርላት። ከዚህ ማሳጠር ለብዙ ሰው ያለ ጥቅም ገንዘብ ማውጣት ነው። ከዚህ ማስረዘም ደግሞ በሞተሩ ዕድሜ መጫወት ነው።

ነገሩን አክብጄ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ካስታወቀ ወዲህ፣ ግቢያችሁ የቆመችው የቤንዚን መኪና እንደ ድሮው ሸጠው በአዲስ የሚተኳት አይደለችም። ብዙ ቤተሰብ ቁጠባውን፣ ዕቁቡንና ከውጭ የተላከለትን አሟጥጦ ነው የገዛት። ገና አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ልታገለግል ይገባል። ያንን ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች ዋናው ይሄ ሦስት፣ አራት ሊትር ዘይት ነው።

መጀመሪያ የአክስትየው ልጅ ያለውን እንይ። እውነቱን ነው። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጣቸውና 0ደብሊው-20 ሲንተቲክ ለሚጠቀሙ አብዛኞቹ መኪኖቹ በ10,000 ማይል ወይም በ12 ወር ቀይሩ ይላል። ማይል መሆኑን ልብ በሉ፤ 16,000 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ነገር ግን እዚያው መጽሐፍ ላይ ሰው የማያነበው ሌላ ዝርዝር አለ። በአቧራማ ወይም ባልተነጠፈ መንገድ የሚነዳ፣ ተጎታች የሚስብ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ዕቃ የሚጭን፣ እንደ ታክሲ፣ እንደ ፖሊስ መኪናና እንደ ዕቃ አድራሽ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ የሚውል ወይም በዝግታ ብዙ የሚጓዝ ከሆነ በ5,000 ማይል ወይም በስድስት ወር ይቀየር ይላል። ቁጥሩ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ሌሎች አምራቾችም ለከባድ አጠቃቀም ሲሆን ብዙዎቹ እንዲሁ ግማሽ ያደርጉታል፤ በ10,000 ኪ.ሜ. የሚጀምረው መጽሐፍ ወደ 5,000 ይወርዳል። የእኛ ከተማ መኪና በዚያ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱን ብቻ ቢያሟላ ኖሮ ምናልባት እንከራከር ነበር። እሷ ግን አቧራውንም፣ ሰልፉንም፣ ዝግታውንም፣ ዳገቱንም በአንድ ቀን ነው የምታየው። የራይድ መኪናማ መጽሐፉ በስሟ የጠራት ያህል ነው።

ኪሎሜትር በራሱ ብዙ ነገር ይደብቃል። ሁለት አንድ ዓይነት መኪኖች አስቡ። አንዷ ሥራዋ ከአዲስ አበባ አዳማ ነው፤ በፈጣን መንገዱ እየተመላለሰች በአማካይ በሰዓት 75 ኪ.ሜ. ትጓዛለች። ሌላዋ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ጀሞ፣ ከጀሞ ቦሌ ስትል ትውላለች፤ አማካይ ፍጥነቷ 15 ኪ.ሜ. ነው። ሁለቱም 5,000 ሲሞላቸው የአዳማዋ ሞተር የሠራው 67 ሰዓት ገደማ ነው፤ የከተማዋ ግን 333 ሰዓት ሠርቷል። በአምስት እጥፍ ማለት ነው። ሾፌሩ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ኤሲ ከፍቶ ስልክ ሲያወራ፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ሞተር ሳያጠፋ ሲንፏቀቅ ኪሎሜትሩ አይቆጥርም፤ ዘይቱ ግን ሥራ ላይ ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች አማካይ ፍጥነታቸውን ዳሽቦርድ ላይ ያሳያሉ። የናንተን እዩት። ከ20 በታች ከሆነ 10,000 የሚለው ቁጥር ለናንተ አልተጻፈም። መኪናችሁ በአብዛኛው ረጅም አስፋልት ላይ የምትውል ከሆነ ደግሞ መጽሐፉ የሚለውን ሙሉ ርቀት ብትጠቀሙ አልቃወምም።

ዘይቱ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር ማወቅ ውሳኔውን ያቀላል። ሞተሩ ጠዋት በብርድ ሲነሳ ከሚረጨው ቤንዚን ጥቂቱ ሳይቃጠል በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የቃጠሎው ጭስ የያዘው እርጥበትም እዚያው ውሃ ይሆናል። መኪናው በቂ ርቀት ከሄደ ዘይቱ በደንብ ይግልና ሁለቱም ተንነው ይወጣሉ። ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሶ በሦስት ኪሎሜትር ተመልሶ የሚቆም መኪና ግን ዘይቱ ሳይግል ነው የሚጠፋው። የሙቀት ማሳያው መሃል ላይ መድረሱ አያታልላችሁ፤ እሱ የሚለካው የራዲያተሩን ውሃ ነው፣ ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። እንዲህ ሲጠራቀም አሲድ ይፈጠራል፣ ዘይቱ ውስጥ የተጨመሩት ማጽጃና መከላከያ ኬሚካሎችም ከዚያ ጋር ሲታገሉ ያልቃሉ። ዘይቱ አረጀ የሚባለው ያኔ ነው።

ስለዚህ «ብዙም አልነዳትም፣ በዓመት 4,000 እንኳ አትሞላም» የምትሉ ወገኖቼ፣ ወሩ ከኪሎሜትሩ እኩል ይመለከታችኋል። ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትወጣ መኪና ዘይቷ የሚበላሸው በዚሁ በአጭር መንገድ ነው።

ላቫጆ ወይም ጋራዥ ስትሄዱ የምታዩትን ታውቃላችሁ። መካኒኩ የዘይት መለኪያውን ይመዛል፣ በጋዜጣ ወይም በጨርቅ ይጠርገዋል፣ መልሶ ይከታል፣ እንደገና ይመዝና ጫፉን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያሻል። ከዚያ ጥቁሩን ጣቱን ያሳያችሁና «ይሄ ሞቷል» ይላችኋል። በቀለም ብቻ አትወስኑ። ዘይት የሚጠቁረው ጥቀርሻውን ከሞተሩ አጥቦ በውስጡ ስለያዘ ነው፤ ሥራው ነው። የናፍጣ ሞተር ላይ እንዲያውም በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። ከመለኪያው የሚነበበው ቁም ነገር መጠኑ ነው። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ትቁም፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ይለፍ፣ ከዚያ በሁለቱ ምልክቶች መሃል መሆኑን እዩ። በየሁለት ሳምንቱ ይሄን ማድረግ ከየትኛውም ቁጥር በላይ ሞተር ያድናል፤ መጠኑ የጎደለ አዲስ ዘይት ሙሉ ከሆነ አሮጌ ዘይት ይብሳልና።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በስንት ይቀየር ብለን ስንከራከር ምን ይሞላ የሚለው ይረሳል። አገራችን ውስጥ «ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» የሚል እምነት አለ። ይሄ እምነት ከላዳና ከዲኤክስ ዘመን የመጣ ነው። ያኔ ልክ ነበር። ብዙ የሠራ ሞተር ክፍተቱ ስለሚሰፋ 20ደብሊው-50 ጭሱን ይቀንስለታል፣ ድምፁንም ያረግብለታል። ያንኑ ዘይት ገና 5,000 ኪ.ሜ. በነዳ ሞተር ላይ ማፍሰስ ግን በደል ነው። የአዲስ ሞተር ክፍተቶች በጣም ጠባብ ናቸው፤ የቫልቮቹን ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍልም በዘይት ግፊት፣ በቀጫጭን መተላለፊያዎች ነው የሚሠራው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈስ ይነግራል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ቶሎ ይደርሳል። ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ ወፍራሙ ዘይት ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ባለው ጊዜ ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል። ከደብሊው በኋላ ያለው ደግሞ ሲግል የሚኖረው ውፍረት ነው። መጽሐፉ 0ደብሊው-20 ብቻ ካለ እሱን፣ 5ደብሊው-30 ከፈቀደ እሱንም መጠቀም ይቻላል። ከተፈቀደው ዝርዝር ግን አትውጡ። ጋሎኑ ጀርባ ላይ የኤፒአይ ምልክት ፈልጉ፤ ለቤንዚን ሞተር በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ደረጃ ኤስፒ ነው፣ ከእሱ በፊት የነበረው ኤስኤን። ተርቦ ያላት አዲስ ቤንዚን መኪና ካለቻችሁ ኤስፒውን ምረጡ፤ ደረጃው ሲወጣ በእነዚህ ሞተሮች ላይ የሚታየውን ያለ ጊዜው የሚፈጠር ቃጠሎ ታሳቢ አድርጓል።

ጋሎኑ ፊታችሁ ይከፈት። ማሸጊያው የተነካ ከሆነ መልሱት። ባዶውን ጋሎን እዚያ ትታችሁ አትሂዱ፤ ቀዳችሁ ጣሉት፣ ተመልሶ ሌላ ነገር እንዳይሞላበት። ፊልትሮውም ከዘይቱ ጋር አብሮ ይቀየር። የተዘጋ ፊልትሮ ዘይቱን ሳያጣራ ያሳልፋል፤ ሞተሩ ያለ ዘይት እንዳይቀር የተሠራ መተላለፊያ አለው፣ በዚያ በኩል ቆሻሻው እንዳለ ይዞራል። የወጣውን ዘይት ወደ ቦይ የሚደፋ ጋራዥ ካያችሁ ደግሞ ተናገሩ። ገጠር አጥር ላይ ለምስጥ የሚቀባው የተቃጠለ ዘይት እንኳ ቢያንስ ወንዝ ውስጥ አልገባም።

ስለ መጀመሪያው ቅያሬ ብዙዎች በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። ድሮ አዲስ ሞተር በ1,000 ኪ.ሜ. ዘይቱ ይቀየር ነበር፤ ፋሻውና ሲሊንደሩ እየተላመዱ የሚለቁትን ብናኝ ብረት ለማውጣት። ዛሬም ይሄንኑ የሚያዙ አምራቾች አሉ፤ መጽሐፋችሁ ካዘዘ ሳታቅማሙ አድርጉት። ሆንዳን የመሰሉ ደግሞ ፋብሪካ የሞላውን ዘይት ከጊዜው በፊት አታውጡ ይላሉ። መጽሐፋችሁ ዝም ካለ እኔ የመጀመሪያዎቹን 5,000 ሳትጠብቁ፣ ከ2,000 እስከ 3,000 ባለው ብትቀይሩት እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ግን በየ3,000 መቀየሩን ተዉት። እሱ ለድሮው ሚነራል ዘይት የተሰጠ ምክር ነው።

ዋስትና ላይ ያላችሁ ሰዎች ደረሰኛችሁን ሁሉ አስቀምጡ፤ ቀኑ፣ ኪሎሜትሩና የዘይቱ ዓይነት ይጻፍበት። ሞተር ችግር ካመጣ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። መጽሐፉን ከመኪናው ኪስ አውጡና የጥገና ሰንጠረዡን ፈልጉ፤ ከሥሩ ወይም ቀጥሎ ባለው ገጽ የከባድ አጠቃቀም ዝርዝር ታገኛላችሁ። ፎቶ አንስታችሁ ከመኪናው ሞዴልና ዓመተ ምርት ጋር አስተያየት ላይ አስቀምጡልኝ። ከዱባይ የገባ ሆኖ መጽሐፉ በዓረብኛ ብቻ የሆነባችሁም ላኩ፤ የሚያነብልን ወንድም እዚህ አይጠፋም፣ እኔም በአማርኛ ጽፌ ለሁሉም አወጣዋለሁ።