ሳነቴ ላይ ጉድ የሠራኝ ሳይክል

እቁብ ሲደርሰው አልጋና ቁም ሣጥን የሚገዛ አለ። ለሠርጉ የሚያስቀምጥም አለ። እኔ ግን በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እቁቤ ሲወጣልኝ እናቴን «ቀስ ብዬ አስብበታለሁ» ብዬ ሸውጄ፣ በማግስቱ መርካቶ ወረድኩና ሳይክል ገዛሁ። እንዴት ያለ ሳይክል መሰላችሁ! ቢጫና ጥቁር፣ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ቱቦው ሁሉ የተጠማዘዘ። ሻጩ ኮርቻውን ጫን ለቀቅ እያደረገ ሲያዘልለው ልቤም አብሮ ዘለለ። ዋጋ እንኳን በወጉ አልተከራከርኩም።

የሰፈራችን ጎሚስታ ግን ዞር ዞር ብለው አዩትና «ልጄ፣ ማማሩንስ አምሯል። የሚላላ ነገር በዛበት እንጂ» አሉኝ። እሳቸው ስለ ዘመኑ ሳይክል ምን ያውቃሉ ብዬ አለፍኳቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

አንድ የልብ ጓደኛ አለኝ። እሱ የሚነዳው አሮጌ የብረት ሳይክል ነው። ከፊት ብቻ ሞላ አለው፣ ከኋላ ደረቅ ነው። የውጭዎቹ ሃርድቴይል የሚሉት ይሄንን ነው። ቀለሙ የተላላጠ ስለሆነ «አህያዬ» ብሎ ነው የሚጠራው። ያን ዓመት በጥር ወር ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሳምንት ፈቃድ ለምኖ አገኘና ተነሣን። ሐሳባችን ሳይክሎቻችንን አውቶቡስ ላይ ጭነን አሰላ መግባት፣ ከዚያ በበቆጂ፣ በዶዶላ፣ በዲንሾና በሮቤ አድርገን ጎባ መድረስ፣ ከጎባ ሳነቴን ተሻግረን ደሎ መና መውረድ ነበር። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን በአራት ቀን! ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ውኃና ዳቦ ይዘን፣ ከዚያ የተረፈውን ሁሉ ቤት ጥለን።

እንግዲህ ጉዱ የጀመረው ገና አሰላ ስንጭን ነው። የጓደኛዬ ፍሬም መሐሉ ባዶ ሦስት ማዕዘን ነው። እዚያ ውስጥ በልኩ ያሰፋትን የሸራ ቦርሳ አሰረና ውኃውንም፣ መፍቻውንም፣ ከመነዳሪውንም እዚያ ከተተው። የእኔ ሳይክል መሐሉ ላይ የኋላው ሞላ ተጋድሞበታል። ቦርሳ ቀርቶ የውኃ ኮዳ ማሰሪያ ቦታ የለውም። ስለዚህ ዕቃዬን በጀርባዬ አዘልኩት። በቆጂ ስንደርስ፣ ያቺ የእነ ደራርቱ ቱሉና የእነ ቀነኒሳ በቀለ አገር፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ዳገቱ ላይ በሩጫ አልፈውኝ ሄዱ። የምሬን ነው። ፔዳል በረገጥኩ ቁጥር የኋላው ሞላ እየሰመጠ ይነሣል። ጉልበቴ ጎማው ጋ ከመድረሱ በፊት ግማሹ ሞላው ውስጥ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። ጓደኛዬ ጉብታው ላይ ቁጭ ብሎ ብርቱካን እየላጠ ይጠብቀኛል።

ጎባ ደርሰን አደርንና በማግስቱ ሳነቴን ጀመርነው። ይህን ቦታ ያላየ ወጣት አገሬን አውቃለሁ አይበል! ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። መንገዱ ከዚያ ተነሥቶ የአስታውን ጫካ ሰንጥቆ ከ4,000 ሜትር በላይ ያወጣችኋል። ላይ ስትደርሱ ሜዳ ነው። ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ ያያችኋል። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ ጥልቅ ይላል። ቀይ ቀበሮዋ እሱን እያደባች ከእናንተ ምንም ጉዳይ የላትም። ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትሩ፣ ከፊታችሁ ቀላ ብሎ ተኝቷል። የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ «ዘገዩ» ያልኩት እኔ ብቻ አልመሰለኝም።

መንገዱ ግን ጠጠርና ድንጋይ ነው። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከበስተኋላዬ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኋላው ክንድ ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበት ብሎን ተቆርጦ፣ ቱቦው ራሱ ብየዳው ላይ ተሰንጥቋል። ሳይክሉ ለሁለት የሚታጠፍ ሆነ። በጥር ሳነቴ ሌሊት ውኃ ይረጋበታል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ ጣቶቼን ማደንዘዝ ጀመረ።

«አንተ ሂድ፤ ፈቃድህ ይቃጠላል። እኔ መኪና ጠብቄ እመለሳለሁ» አልኩት።

ምንም አልመለሰልኝም። ሳይክሉን አስተኛና አጠገቤ ተቀመጠ። ጨለም ሲል ከመና ቡና ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ ደረሰ። ሹፌሩ ሳይጠየቅ ቆሞ «ኑ ውጡ፣ ልትሞቱ ነው እንዴ?» አለን። ጆንያ ላይ ተጋድመን ጎባ እስክንገባ ጓደኛዬ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዓመቱን ሙሉ የጠበቃት ሳምንት በእኔ ቢጫ ቀለም ተበላች። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሮቤ አንድ በያጅ ጋ ወሰድኩት። ሽማግሌው በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና «ይሄ አሉሚኒየም ነው ልጄ። እኔ የምበይደው ብረት ነው። የጓደኛህ ቢሆን ኖሮ ሻይህን ሳትጨርስ እሰጥህ ነበር» አሉኝ።

ወዳጆቼ፣ ገንዘቤን ከፍዬ የተማርኩትን በነጻ ላካፍላችሁ። ሩቅ መንገድ በፍጥነት መሄድ ከፈለጋችሁ ከማርሹም ከቀለሙም በፊት ፍሬሙን እዩ። ማርሽ ይቀየራል፣ ጎማ ይቀየራል። ፍሬም ከተበላሸ ሳይክሉ የለም።

አንደኛ፣ የኋላ ሞላ ይቅርባችሁ። ጥሩው በጣም ውድ ነው፤ ርካሹ እንደኔው ነው። ከካናዳ ባንፍ ተነሥተው እስከ ሜክሲኮ ድንበር 4,400 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ አጃቢ የሚጋልቡት የቱር ዲቫይድ ተወዳዳሪዎች እንኳን ብዙዎቹ ኋላው ደረቅ የሆነውን ነው የሚመርጡት። ይቀላል፣ የሚላላ ነገሩ ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ልኩ። ጫማችሁን አድርጋችሁ ፍሬሙን በእግራችሁ መሐል አድርጉና ቁሙ። ከላይኛው ቱቦ በላይ ቢያንስ አራት ጣት ክፍተት ይኑር። ከዚያ ተቀምጣችሁ ማኑብሪዮውን ያዙ። ክርናችሁ ትንሽ ካልታጠፈ ፍሬሙ ረዝሞባችኋል፤ ማታ እጃችሁ ይደነዝዛል፣ አንገታችሁ ይቆለፋል።

ሦስተኛ፣ መሐሉን እዩ። ሦስት ማዕዘኑ ሰፋ ያለ፣ ለኮዳና ለቦርሳ የብሎን ቀዳዳ በብዛት ያለው ይሁን። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ መሐል ላይ ሲሆን ሳይክሉ አይዋልልም።

አራተኛ፣ የፊት ሹካው አጋደል። ከ67 እስከ 69 ዲግሪ ያለው ለፈጣን ረጅም ጉዞ ይስማማል። ከዚያ በጣም የተንጋደደው ለቁልቁለት ጨዋታ ነው፤ ዳገት ላይ ፊቱ ይቅበዘበዝባችኋል።

አምስተኛ፣ ከምን ተሠራ? ካርቦን ይቀላል፤ ከተሰነጠቀ ግን ገጠር ውስጥ የሚጠግነው የለም። አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለብየዳው ግን ልዩ መሣሪያና ልዩ እጅ ይጠይቃል። ብረት ጥቂት ይከብዳል፤ ነገር ግን በያጅ ባለበት ከተማ ሁሉ ዘመድ አለው።

ስድስተኛ፣ 29 ኢንች ጎማ በ2.2 ወይም በ2.4 ውፍረት ገብቶ ለጭቃ የሚሆን ክፍተት ይትረፈው። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ የሚንጠለጠልባትን ትንሽ ብረትም ትርፍ ያዙ። ሳይክሉ ሲወድቅ ቀድማ የምትጎብጠው እሷ ናት።

በጥር 2012 ተመለስን። እኔም ከአንድ ሰው ላይ የገዛሁት ያገለገለ ብረት ነበረኝ፤ ቀለሙ ከጓደኛዬ ቢብስ እንጂ አይሻልም። ሳነቴን ተሻግረን ጠመዝማዛውን ወደ ሪራ ወረድን። ከዚያ የሐረና ጫካ ዋጠን፤ ከአስታው ወደ ቀርከሃው፣ ከቀርከሃው ወደ ጫካ ቡናው። 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ደሎ መና ስንገባ ጃኬታችንን አውልቀን በሸሚዝ ነበርን።

ቡና አዝዘን ስንቀመጥ ጓደኛዬ የእኔን ሳይክል ትክ ብሎ አየና «አሁን አንተም አህያ አገኘህ» አለኝ። ከዚያ አይሱዙ ወዲህ ስለዚያ ቀን ያነሣው ይኸው ነው። የቡናውን ሒሳብ እኔ ከፈልኩ።