እሳት ሲበዛ

የእናቴን መስቀል ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ለመናገር ስድስት ወር ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ እባካችሁ ወሬዬን እስክጨርስ አትፍረዱብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ቀን ቢሮ ተቀምጬ ሰንጠረዥ እሞላለሁ፤ ማታ ማታ ከብር ሽቦ ቀለበትና የጆሮ ጌጥ እሰራለሁ። የስራ ጠረጴዛዬ የአልጋዬ ጎረቤት ነው። በላዩ ላይ ሞረድ፣ ወረንጦ፣ አንድ እሳት የማይበግረው ጡብና አንዲት ትንሽ ቶርች አለች። ቶርቿ በላይተር ጋዝ የምትሞላ፣ ኬክ ሰሪዎች ስኳር የሚያቃጥሉባት ዓይነት ናት። ለቀለበት አታሳፍርም። ቦራክስ ትቀባላችሁ፣ ትንሽ ቁራጭ መበየጃ ብር መጋጠሚያው ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ታሞቃላችሁ፤ ቁራጯ ድንገት እንደ ውሃ ታበራና ትገባለች። ይህችን ቅጽበት አንዴ ያየ ሰው ከቢሮ ወደ ቤቱ ሮጦ ነው የሚገባው።

እማዬ ግን አንድም ቀን "እስቲ ልየው" ብላኝ አታውቅም። ጓደኞቼ ቀለበቴን ሲያደንቁ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም "ዲግሪ ይዛ ብር ትሞርዳለች ብላ አፍራብኝ ነው" ብዬ ተቀይሜያት ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የአንገቷ የብር መስቀል ማንጠልጠያ ተሰበረ። "እኔ እሰራልሻለሁ" አልኩ። ትንሽ አመነታችና ሰጠችኝ። መስቀሉ ወፍራም ነው፣ መዳፍ ይሞላል። ቶርቼን ለኮስኩ። አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ... መስቀሉ መቅላት እምቢ አለ፤ መበየጃውም እንደተቀመጠ ቀረ። እኔ ምን ደመደምኩ? እሳቱ አነሰ! ትልቅ እሳት ያስፈልጋል! በማግስቱ ሰፈራችን ወዳለ አንድ ጋራዥ ሄድኩና የኦክስጅንና የአሴቲሊን መበየጃቸውን ለመንኩ። ያ ነበልባል ከ3000 ዲግሪ ይበልጣል። ብር ንጹህ ሆኖ እንኳ በ961 ዲግሪ ይቀልጣል። ሂሳቡን ከሰራሁ በኋላ መሄድ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ሄጄ ከተመለስኩ በኋላ ሰራሁት። አንዱ ክንድ ለዓይን ጥቅሻ ያህል አበራ፣ ተጨማደደ፣ ጠብ አለ።

መስቀሉን በመሃረብ ጠቅልዬ ሳምንት ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ ሰው ጠቁሞኝ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ፒያሳ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሰርተዋል፤ በ2016 ዓ.ም. የሰፈሩ ቤቶች ሲፈርሱ ዕቃቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡ። መስቀሉን አገላብጠው አዩትና አልተቆጡም። ብቻ "በምን መታሽው?" አሉኝ፤ በጥይት የመታሁት ይመስል። ነገርኳቸው።

"አንድ ሲኒ የፈላ ውሃና አንድ ድስት የፈላ ውሃ ሙቀታቸው እኩል ነው" አሉኝ። "በሲኒው ግን ጎመን አትቀቅዪም።"

የቶርች ምርጫ ሁሉ እዚህች አነጋገር ውስጥ አለ። የኔ ትንሽ ቶርች ሙቀት አልጎደላትም፤ ነበልባሏ ከ1000 ዲግሪ በላይ ነው፣ መበየጃ ብር ደግሞ እንደ ዓይነቱ በ700 ዲግሪ አካባቢ ይፈሳል። የጎደላት ብዛት ነው። ብር ከብረታ ብረት ሁሉ በላይ ሙቀት አስተላላፊ ስለሆነ፣ በአንድ ጥግ የምትሰጡትን ወዲያው ለመላው አካሉ ያካፍላል። ስለዚህ ለትልቅ ዕቃ የሚያስፈልገው ይበልጥ የሚያቃጥል ሳይሆን ሰፋ ያለ፣ ለስላሳ ነበልባል ነው፤ ከቡታጋዝ ሲሊንደር በጎማ የሚመጣ፣ ጫፉ የሚቀያየር ቶርች ይበቃል። ለቀለበትና ለጆሮ ጌጥ ትንሿ ትበቃለች። የጋራዡን ለጋራዥ ተዉለት።

ለኛ ከተማ ደግሞ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየር በራሷ የምትስብ ቶርች እዚህ የምታገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ ስትገዙ የአየር መግቢያዋ የሚስተካከል መሆኑን እዩ። ጋሼ በእግር የሚረገጥ ወናፍ የሚጠቀሙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አየሩን እሳቸው ናቸው የሚያዙት።

የመስቀሉንም ምስጢር ነገሩኝ። "ይሄ የማርትሬዛ ብር ይመስላል" አሉ። ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው በአመዛኙ መዳብ። እንዲህ ያለ ቅይጥ መቅለጥ የሚጀምረው በ780 ዲግሪ ገደማ ነው። ጠንካራው መበየጃ ደግሞ ከ740 በላይ ይፈልጋል። አያችሁ ክፍተቷን? አርባ ዲግሪ እንኳ አትሞላም! ለአሮጌ ጌጥ በትንሽ ሙቀት የሚፈሰውን መበየጃ ተጠቀሙ። ካድሚየም ያለበትን ግን በርካሽ ቢሰጧችሁም አትንኩት፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ከዚያ መጋረጃውን ጋረዱት። በጨለማ ካልሆነ የብሩ ቅላት አይታይም። ነበልባሉን እያዞሩ መጀመሪያ መላውን መስቀል አሞቁ፤ ቀጭኗን ማንጠልጠያ ጭራሽ አልነኳትም። ቦራክሱ ነጣ፣ አበጠ፣ ከዚያ እንደ መስታወት ጠራ። "አሁን ቀርቧል" አሉኝ። መበየጃ እሳቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ እሳቱን በቀጥታ እሱ ላይ ብታደርጉ ግን ኳስ ሆኖ ይቀራል። ነበልባሉን ወደ መጋጠሚያው ጠጋ አደረጉት፤ ብልጭ አለና ገባ። ወዲያው እሳቱን አነሱ።

"ክንዱንስ?" አልኳቸው።

"እሱን አልነካም። የሰራው ሰው እጅ ያውቅበታል፤ የኔ ከሱ ጋር አይሄድም።"

ባለ ሦስት ክንዱን መስቀል ለእማዬ ሰጠኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "አባቴ ነው የሰራው" አለች። አያቴ ገበሬ ነበሩ ስትለኝ ነው ያደግኩት። ለካ ባለ እጅ ኖረዋል። በቀን ጌጥ የሚያሰራቸው ሰው በማታ ቡዳ ይላቸዋል፤ ልጁን አይድርላቸውም። እማዬ አዲስ አበባ ስትገባ ያንን ስም ከኋላዋ ትታ መጣች፣ ለአባቴም ቤተሰብ አልተናገረችም። እኔ ደግሞ መዶሻውን ከገበያ ገዝቼ ቤቷ ድረስ አመጣሁላት።

ያፈረችብኝ መስሎኝ ነበር። የፈራችልኝ ኖሯል።

አሁን ትልቋን ቶርች ገዝቻለሁ። ሲሊንደሩ ከመኝታ ክፍሌ ወጥቶ በረንዳ ላይ ነው፤ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ መስኮት ብቻ መክፈት አያስወጣውም። ከመለኮሴ በፊት መገጣጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ እፈትሻለሁ፤ አረፋው ከተነፋ እሳት የለም ማለት ነው። ፀጉሬን አስራለሁ፣ ናይለን ልብስ አልለብስም።

ባለፈው እሁድ እማዬ ሳልጠራት መጥታ በረንዳው ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። መስቀሉ አንገቷ ላይ ነው። ለኮስኩ። ትንሽ አየችና በእጇ ወደ ታች ምልክት ሰጠችኝ።

"ቀንሺው" አለች። "በዝቷል።"