ቀይዋን ነጥብ ከማመናችሁ በፊት

የአጋዘን አደን ወቅት ሲቃረብ እዚህ ሚኒሶታ የተኩስ ሜዳዎች ይሞላሉ። ከእኛ ከኢትዮጵያውያንም መካከል የአደን ደኅንነት ኮርሱን ወስደው፣ ፈቃድ አውጥተው ጫካ የሚወጡ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። አዲስ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ጠመንጃው ላይ ይታሰራል፣ ሁለት ጥይት ይተኮሳል፣ «ደህና ነው፣ ይበቃል» ይባልና ዕቃ ተሸክፎ ይኬዳል። አይበቃም።

መጀመሪያ ይህን እናጥራ። ቀይዋ ነጥብ በፊልም እንደምናየው ሌዘር አይደለችም፤ ከጠመንጃው ወጥታ ዒላማው ላይ አታርፍም። ማነጣጠሪያው ውስጥ ያለች ትንሽ መብራት መስታወቱ ላይ ነጥራ ወደ ተኳሹ ዓይን ትመለሳለች። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አየርላንዳዊው ሃዋርድ ግሩብ እ.ኤ.አ. በ1900 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። በባትሪ የሚሠራውን በ1975 ያወጣው የስዊድኑ ኤይምፖይንት ሲሆን፣ የአሜሪካ ጦር ደግሞ በ1997 የዚሁን ኩባንያ ምርት ለወታደሮቹ መርጧል።

ጥቅሟ ግልጽ ነው። በብረት ማነጣጠሪያ የኋላውን፣ የፊቱንና ዒላማውን በአንድ መስመር ማሰለፍ ያስፈልጋል፤ ዓይን ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አጥርቶ አያይም። ቀይ ነጥብ ይህን ድካም ታቀላለች። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ደምቃ ስለምትታይ እውነቱን የምትናገር ትመስላለች። ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ግን አታውቅም፤ የምታሳየው እናንተ ያስቀመጣችሁላትን ቦታ ብቻ ነው። ከዜሮ ባልተነሳ ሚዛን የተመዘነ ቡና ቁጥሩ ቢነበብም ልክ አይደለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማነጣጠሪያው ከበርሜሉ በላይ ይቀመጣል፤ በኤአር-15 ዓይነት ጠመንጃ ልዩነቱ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ጥይት ደግሞ ከአፈሙዝ እንደወጣ መውደቅ ይጀምራል። ስለዚህ በርሜሉ ከዓይን መስመር አንጻር በጥቂቱ ቀና ይላል፤ ጥይቱም መስመሩን አንዴ ሲወጣ፣ አንዴ ሲወርድ ያቋርጠዋል። በ50 ያርድ ዜሮ የተደረገ፣ ማለትም በዚያ ርቀት ጥይቱ ነጥቧ ላይ እንዲያርፍ የተስተካከለ፣ ባለ 5.56 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በ200 ያርድ ገደማ እንደገና ነጥቧ ላይ ይመታል። በ25 ያርድ ግን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በቅርብ ርቀት ልክ የመሰለ ነገር በሩቅ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ዜሮ የማድረጉ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማሰሪያው በትክክል መጥበቁን አረጋግጡ። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፉ። የነጥቧን ብርሃን ቀንሱ፤ በጣም ስትደምቅ ተስፋፍታ ዒላማውን ትሸፍናለች። ለአደን የምትጠቀሙበትን ጥይት ራሱን ያዙ፤ የጥይት ዓይነት ሲቀየር ማረፊያውም ይቀየራል። በ25 ያርድ ጀምሩ፣ ወረቀቱን መምታታችሁን ስታዩ ወደ 50 እለፉ።

ከዚያ ማስተካከያውን ሳትነካኩ ከሦስት እስከ አምስት ጥይት ተኩሱ። ማስተካከያውን የምታዞሩት የቀዳዳዎቹን ስብስብ መካከለኛ ቦታ ለክታችሁ ነው። በብዙዎቹ ማነጣጠሪያዎች አንድ ክሊክ፣ ማለትም የማስተካከያው አንድ እርምጃ፣ ግማሽ ኤምኦኤ (የማዕዘን ደቂቃ) ነው፤ በ50 ያርድ ወደ 0.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስብስቡ 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ወደ 10 ክሊክ ከፍ ማድረግ ነው። ከዚያ ደግማችሁ ተኩሱ።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ አለ። አንድ ጥይት ምስክር አይሆንም። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ክሊክ የሚያዞር ሰው ስህተቱን ያሳድዳል እንጂ አያርምም። ቀዳዳዎቹ ከተበታተኑ ደግሞ ማስተካከያውን ማዞር ምንም አይፈይድም። ቃታውን እየነጠቃችሁ ይሆናል፣ ማሰሪያው ላልቶ ይሆናል፣ ጥይቱ ለጠመንጃው አይስማማ ይሆናል። መጀመሪያ የመበታተኑ ምክንያት ይፈለግ። አንድ ቦታ ላይ የተሰበሰበ ስህተት በጥቂት ክሊክ ይታረማል፤ የተበታተነ ግን የሚታረምበት ክሊክ የለም። ይህን ከሜዳ ውጭም፣ ስለ ራሴም ስለ ሰውም ስፈርድ አስበዋለሁ።

በአገራችን የአነጣጣሪ ዝና በፉከራ ይነሳል፤ የማይስት ሰው ይወደሳል። ከተኩሱ በፊት ተቀምጦ ጠመንጃውን ለሚፈትነው ግን የሚዘፍን የለም። ክብሩ የእሱም ሊሆን ይገባል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ ሰሃን ቢያክል ነው። ከዚያ የወጣ ጥይት እንስሳውን አቁስሎ ጫካ ውስጥ ለሰዓታት ያሰቃየዋል። ያንን ስቃይ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን ችኮላ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ለዚህ ስጡ። ጠመንጃው ከወደቀ ወይም ማነጣጠሪያው ተፈትቶ ከታሰረ እንደገና ፈትኑ። በወረቀት ላይ ካረጋገጣችሁት ርቀት በላይ በሕይወት ባለ ነገር ላይ አትተኩሱ። ቤት ስትመለሱ ጥይቱን ለብቻ፣ ጠመንጃውን ለብቻ ቆልፉ፤ ልጆች አሉ። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ዘንድሮ ጫካ ባይወጣ ይሻላል።