ወደ ዘጌ፦ በየብስ፣ በባሕር፣ በአየር

የአዲስ አበባው አየር ጤና የጅማ በር ነው። በሰፈራችን የሚያልፉት አውቶቡሶች ወደ ወሊሶ፣ ወደ ወልቂጤና ወደ ጅማ ይሄዳሉ፤ በልጅነቴ ብዙው ጎረቤታችን ለበዓል የሚሳፈረው ወደዚያው ነበር። የእኛ ቤት ግን ሰሜንን ይናፍቃል፤ እናቴ የዘጌ ልጅ ናትና። ዘጌ ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን ምዕራብ ወደ ጣና ሐይቅ የገባ፣ ሦስት ጎኑን ውሃ የከበበው፣ በደንና በቡና የተሸፈነ ምድር ነው። የጅማ ቡና በደጃችን እያለፈ፣ እናቴ የምትቆላው ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣውን የዘጌ ቡና ነበር። እዚያ አገር በመኪና፣ በጀልባና በአውሮፕላን ደርሻለሁ። ከሦስቱ መንገዶች የትኛው እንዳሳደገኝ ያወቅሁት ግን የምድሩ መንገድ ሲዘጋ ነው።

በ1980ዎቹ የዘጌ ጉዞ ከዋዜማው ይጀመር ነበር። እናቴ በሶና ዳቦ ቆሎ ታዘጋጃለች፤ ለአክስቴ የሚወሰደው ስኳር፣ ሳሙናና ነጠላ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ይታሰራል። ሌሊት ተነስተን በጦር ኃይሎች በኩል መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ እንደርሳለን። ረዳቶቹ "ማርቆስ! ባሕር ዳር!" እያሉ ይጣራሉ፤ ዕቃው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሸራ ይለብሳል፤ ሲነጋ እንንቀሳቀሳለን። በደብረ ማርቆስ በኩል መንገዱ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር።

በሱሉልታና በፍቼ አልፈን ጎሃ ጽዮንን ስንለቅ የአውቶቡሱ ጨዋታ ቀስ በቀስ ይበርዳል። አባይ በረሃ ይጀምራል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ጠመዝማዛውን ሲወርድ የፍሬን ሽታ ውስጥ ድረስ ይገባል፤ ጠዋት የተከናነብነው ጋቢ በሙቀቱ ከትከሻችን ይወርዳል። አንዱ ያማትባል፣ ሌላው ዱዓ ያደርጋል። በልጅነቴ የተሻገርኩት አሮጌውን ድልድይ ነው። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ከአጠገቡ የተሠራው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከወዲያ ማዶ ዳገቱን ጨርሰን ደጀን ስንገባ ጋቢው ተመልሶ ይለበሳል፤ ጨዋታውም ይመለሳል። ሌሊት አውቶቡስ ተራ ላይ የማይተዋወቀው ሰው፣ ደጀን ላይ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ለምን እንደሚሄድ፣ ማን እንደታመመበት ተነጋግሮ ጨርሷል። በሶውን ያልቀመሰ የለም።

ደብረ ማርቆስ እናድራለን። አልጋ ያላገኘ ተሳፋሪ ካገኘው ጋር ይዳበላል፤ እናቴ ብቻዋን የመጣች ሴት ካየች ወደ እኛ ክፍል ትጠራታለች። በማግስቱ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ አድርገን እንጅባራ ላይ በመስኮት የተቀቀለ ድንች እንገዛለን። ከዳንግላና ከመራዊ በኋላ መሬቱ ይዘረጋል፤ ባሕር ዳር በዘንባባዋ ትቀበለናለች።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ መኪና ስናገኝ በጠጠሩ መንገድ እንሄዳለን። ዳርና ዳሩ እርሻ ነው፤ በሬ ይጠመዳል፣ ከብት ይግጣል። አፋፍ የምትባለው ትንሽ ከተማ ላይ ሲደረስ ግን እርሻው ያልቅና ደኑ ይጀምራል። አክስቴ ምክንያቱን ደጋግማ ነግራኛለች። አቡነ በትረ ማርያም ዘጌን ባቀኑ ጊዜ ቃል ኪዳን ተቀብለዋል፤ በዚያ ምድር በሬ ተጠምዶ አይታረስም፣ ሰዉ በቡናውና በጌሾው ይኖራል። ለእሷ ይህ ትናንት የተባለ ያህል ቅርብ ነበር። ያገሬው ሰው ቃሉን በመጠበቁ ሌላው የጣና ዳርቻ ሲራቆት የዘጌ ደን ቆይቷል። የእርሻውንና የደኑን ድንበር እንደዚያ በዓይን የሚያሳየው የመኪናው መንገድ ብቻ ነው።

ክረምት ላይ ያ መንገድ ጭቃ ሲሆን በጀልባ እንሻገር ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌን፣ ደቅ ደሴትን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ጎርጎራ የሚደርስ ትልቅ ጀልባም ነበር። ወደ ዘጌ ብቻ ከሆነ ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ነው። እናቴ በጠዋት ካልሆነ አትሳፈርም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጣና ይናወጣል። እኛ ስንሄድ፣ የዘጌን ማገዶ የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ወደ ባሕር ዳር ገበያ እየተቀዘፉ ይመጣሉ። ክብራን ገብርኤልን አልፈን ስንጠጋ ደኑ እስከ ውሃው ጠርዝ ወርዶ ይታያል።

ከእነዚያ ጉዞዎች በአንዱ አጠገባችን የተቀመጡ መምህር፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ መሆናቸውን ነገሩኝ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታትሞ የወጣው መጽሐፍ ባለቤት እናቴ ከተወለደችበት ደን የወጣ ሰው ነው ማለት ለእኔ ትልቅ ዜና ነበር። ወደ አየር ጤና ስመለስ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

አክስቴ ስንደርስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "በባሕር መጣችሁ በየብስ?" ነበር። በየብስ ካልናት ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ትጠይቃለች፤ በባሕር ካልናት ስለ ነፋሱ። ከዚያ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ፣ በቡናው ጥላ ሥር፣ እጄን ይዛ ትሄዳለች።

በ1990ዎቹ አያቴ ዐርፈው ተዝካራቸው ሲወጣ፣ ከአየር ጤና የእድራችን ሰዎች ሚኒባስ ተከራይተው አብረውን መጡ። ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ወላይታው፣ የሰፈራችን ሰው በሙሉ ቤንዚኑን አዋጥቶ አባይን ተሻገረ። ዘጌን በስም ብቻ ያውቋት የነበሩት ሰዎች ቡናውን በዛፉ ላይ አዩት። የዘጌ ሰዎችም በተራቸው ለሕክምናና ለጉዳይ አዲስ አበባ ሲመጡ የሚያርፉት እኛ ቤት ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቻችንም ዘንድ ሆነ። በየዓመቱ አንድ ጆንያ ቡና ለአውቶቡስ ረዳት በአደራ ይሰጥ ነበር፤ አንዳችን አውቶቡስ ተራ ሄደን እንቀበላለን፤ እናቴ ለየቤቱ ታካፍላለች።

አክስቴ ያረፈችው በ2016 ዓ.ም. ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት ምክንያት የጎጃም መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል፤ የተሳፈረ ሰው በሰላም ስለመድረሱ ዋስትና የለውም። እናቴን ይዤ በመካኒሳና በጎተራ በኩል ቦሌ ሄድኩ። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እየተጨነቅን ግማሽ ቀን የምንወርድና የምንወጣበት የአባይ በረሃ ከደመናው ሥር በደቂቃዎች አለፈ። አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል ጣና በመስኮቱ ገባ፤ ዘጌም ከነቅርጿ፣ በአንድ በኩል ብቻ ከምድር ተያይዛ ታየች። በየብስም በባሕርም እንደዚያ አይቻት አላውቅም ነበር። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥተን፣ የዘጌው መንገድ አያስተማምንም ስለተባለ በጀልባ ተሻገርን። ቀብሩ አልፏል፤ ለሣልስቱ ደረስን።

አውሮፕላኑ ባይኖር እናቴ እህቷን በወጉ አታለቅሳትም ነበርና አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ከአየር ጤና የሄድነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ለአያቴ ተዝካር ቤንዚን አዋጥተው የመጡት ጎረቤቶች እናቴን በር ድረስ ሸኝተው፣ "መንገዱ ሰላም ቢሆን እኛም እንመጣ ነበር" ብለው ቀሩ። የአውሮፕላን ቲኬት የሚገዛ አቅም የላቸውም፤ ልጃቸውን በማያስተማምን መንገድ የሚልኩበት አንጀትም የላቸውም። ዘጌም ላይ ያገኘኋቸው ዘመዶቼ ከደብረ ማርቆስና ከደጀን መምጣት ያልቻሉትን በስም እየጠሩ ቆጠሩልኝ። የቡናው ጆንያም ከተቋረጠ ቆይቷል።

ለቅሶ መድረስ፣ ታማሚ መጠየቅ፣ ተዝካር መብላት በአገራችን ሀብታምና ድሃ የማይለይበት ግዴታ ነው። በኪሱ ትንሽ ገንዘብ፣ በአገልግሉ በሶ ያለው ሁሉ የሚወጣው ግዴታ የሆነው አውቶቡሱ ስላለ ነው። ጀልባው ዳርቻው ላይ የደረሰውን ያሻግራል፤ አውሮፕላኑ የሚከፍለውን ያደርሳል። አየር ጤናን ከዘጌ ያዛመደው ግን በአባይ በረሃ የሚያልፈው የምድሩ መንገድ ነው። እሱ ለሁሉም ሰው በሰላም እስኪከፈት ድረስ፣ እናቴ አገሯ ገባች ማለት አልችልም።