ቴምር የበቀለባት የሩቅ ደሴት

በደቡብ ፓስፊክ፣ ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ፣ በፈረንሳይ ሥር ያለችው ኒው ካሌዶኒያ ትገኛለች። በምዕራብ ዳርቻዋ፣ ቡራይ ከተማ አጠገብ፣ የፖዬ ነጭ አሸዋ ጸጥ ካለው ባሕር ጋር ይዘረጋል። በላ ሮሽ ፔርሴ ዳርቻም የባሕር ኤሊዎች በሌሊት ወጥተው እንቁላላቸውን አሸዋ ውስጥ ይቀብራሉ። ሱብሐነላህ!

በዚሁ አካባቢ ባለችው ነሳዲዩ የቴምር ዛፎችና የሙስሊሞች መቃብር ይታያሉ። በ1871 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ላይ የተነሡ አልጄሪያውያን ወደዚህች ደሴት ተግዘው፣ ብዙዎቹ አገራቸውን ዳግም ሳያዩ እዚሁ አርፈዋል። ሚስቶቻቸው አልተከተሏቸውም፤ ለልጆቻቸው የፈረንሳይ ስም ወጣላቸው፤ ዐረብኛውም ከቤት ጠፋ። ሆኖም የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም መቃብሩን ይንከባከባሉ።

ወላጆች ሆይ! እነሱ ሁሉን ተነጥቀው ይህን ያህል አቆዩ። እኛስ መስጊድ ከደጃችን እያለ ለልጆቻችን ምን እያወረስን ነው? አላህ ይዘንላቸው። አሚን!